በደቻቱ ዳር ጀርባቸውን የሰጡ ሰዎች

ከድሬዳዋ የተመለስሁት ማክሰኞ ማታ ነው። ይኸን የምጽፈው ንዴቴ እስኪበርድ ሳልጠብቅ ነው፤ ከበረደ በኋላ የምጽፈው አይመስለኝም። ብዙዎቻችሁ ወደዚያ አገር የመሄድ ዕድል ላይገጥማችሁ ይችላልና መንገዱንም ምግቡንም መኝታውንም እንደ ወጉ እነግራችኋለሁ። ነገር ግን የሄድሁት አገር ለማየት አልነበረም። የሄድሁት አንድ ግድግዳ ለማዳን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከደብዳቤው ልጀምር። የጻፈልኝ ማሞ ነው፤ በአንድ ወንበር ተቀምጠን የተማርን፣ ዛሬ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ የሆነ ወዳጄ። «የበየነን ግድግዳ በኖራ ሊለቀልቁት ነው። ማየት ከፈለግህ ሰኞ ሳይደርስ ና» ይላል። በየነ የዚያው ወንበር ሦስተኛ ጓደኛችን ነበር። ሠዓሊ ሆነና ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል የምግብ አዳራሹን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የቀፊራን ገበያ ሣለበት። ባለፈው ዓመት ወባ ገደለው። እኔ የሥዕል አስተማሪ ነኝ፤ አልፎ አልፎም ለጋዜጣ እጽፋለሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሥዕሉ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በዚያ ሳልፍ አይቼው ስለ እሱ የጻፍሁት፣ ለአገር ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ። ለተማሪዎቼም ለባለቤቴም እንደዚያ እያልሁ ስናገር ኖሬአለሁ።

ሐሙስ ማለዳ ከለገሃር ተነሣን። የአዲስ አበባ ብርድ አጥንት ይሰብር ስለነበር ካፖርት ደርቤ ባርኔጣዬን ደፍቻለሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ነጋዴ ሞጆን ሳናልፍ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ከድኖ ተኛ። ከአጠገቡ ያሉት ሁለት ሰዎች አንዱን የመሬት ክርክር ይዘው መተሐራ ደረሱ። በመስኮቱ የፈንታሌ ተራራ ያልፋል፣ ጥቁር የተቃጠለ ድንጋይ ያልፋል፣ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ደሜ ፈላ። እኔ ተማሪዎቼን ማሰሮ ፊታቸው አስቀምጬ እርሳስ ሳይነኩ አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲያዩት የማስገድድ ሰው ነኝ።

«ጌቶቼ፣ ይህን ሁሉ አገር ማን እንዲያይላችሁ ነው?» አልኋቸው።

ነጋዴው ጋዜጣውን ሳያነሣ፣ «ባለፈው ወር አይተነዋል» አለኝ።

አዋሽ ላይ ለምሳ ወረድን። እኔ በዚሁ ነገር ተናድጄ ለአስተናጋጁ ስለ ሰው ልጅ ዓይነ ልቡና ስሰብክ ባቡሩ ጮኸ፤ ፓስታዬን ሳልጨርስ ሮጬ ተሳፈርሁ፤ ባርኔጣዬ እዚያው ወንበር ላይ ቀረ። ነጋዴው ቀና ብሎ አየኝና፣ «ባርኔጣ አልነበረህም?» አለኝ። አንዳንድ ጊዜ ሰዎች ማየት ያለባቸውን ሳይሆን የማይገባቸውን ነው የሚያዩት። ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ እየባሰ ሄደ፤ ሚኤሶ ላይ ካፖርቴን፣ አፍደም ላይ ኮቴን አወለቅሁ። ራሴን ይዤ ብታየኝ አንዲት ሴት በመስኮት ሎሚ ሰጠችኝና፣ «አሽትት፣ ራስህን ይተውሃል» አለችኝ። እውነትም ተወኝ። ሲመሻሽ ድሬዳዋ ገባን።

ማሞ ከጣቢያው ወሰደኝ። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ ግቢውን ውሃ ረጭተው፣ አልጋዬን ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ደጅ አንጥፈውልኝ ቆዩኝ። በእኛ አገር የተከበረ እንግዳ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ሰው ደጅ ካስተኙት ቂም ይዟል። እዚያ ግን ደጅ ማደር ክብር ነው፤ ልጆቻቸውን ወደ ቤት አስገብተው ነፋሱን ለእኔ ለቀውልኛል። ጠዋት ባርኔጣ እንደሌለኝ ሲያዩ «ይህ ፀሐይ አናት ይበሳል» ብለው የማሞን የባቡር ሥራ ቆብ አደረጉልኝ። አመሰግናቸዋለሁ፤ ግን በዚያ ቆብ ምክንያት በከተማው በነበርሁባቸው ቀናት ሁሉ፣ ከጋሪ ነጂ እስከ ሽማግሌ፣ «የጅቡቲው መቼ ነው የሚገባው?» ያላለኝ አልነበረም።

ዓርብ ወደ ሆቴሉ ሄድሁ። ስድስት ሰዓት አልፎ ነበርና ከተማው እንዳለ ተዘግቷል። በአዲስ አበባ ሰው ቀን የሚተኛው ሲታመም ነው፤ እዚያ ከምሳ በኋላ ባለሱቁም ባለጋሪውም ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል፣ ጫቱንም ያቀርባል፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሰው መቀስቀስ ነውር ነው። እኔ ግን በሩን ደበደብሁ። አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ወጡ፤ አዴ ዘይነባ ይባላሉ፣ የሆቴሉን ወለል የሚያጥቡ ናቸው። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባለቤቱን ሊጠሩልኝ ይችላሉ?» ብላቸው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ።

«ብቻዬን ነኝ እኮ። ስንት ሰው አደረግኸኝ? አንቺ በለኝ አቦ!»

ሐረርና ድሬዳዋ ሁሉም ለሁሉም አንተ፣ አንቺ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። እሷ ስለ ፈቀደችልኝ እዚህም እንዲሁ እጽፋለሁ። በሩን ከፈተችልኝና ገባሁ።

አሁን የምነግራችሁን ስታነቡ ደማችሁ ካልፈላ የእኔ አገር ሰዎች አይደላችሁም። በሥዕሉ ላይ ምስማር መትተውበታል! በአንዲት ገበያተኛ ትከሻ ላይ የአስተናጋጅ ሽርጥ ተሰቅሏል። ከታች በኩል የቢራ ሣጥን እስከ ሰዎቹ ጉልበት ድረስ ተደርድሯል። የአንዱ አህያ አፍንጫ ላይ ክብሪት ጭረውበት ጥቁር መስመር ቀርቷል። ሰው በየቀኑ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሥጋ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይከራከራል፣ ጥርሱን እየፋቀ ይወጣል! በየነ ያንን ግድግዳ አንድ ዓመት ሙሉ መሰላል ላይ ቆሞ እንደ ሣለው አውቃለሁ። እዚያው ቆሜ ጮኽሁ፤ የጮኽሁት በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። አዴ ዘይነባ መጥረጊያዋን ይዛ አየችኝ።

ጩኸቴ ባለሆቴሉን ቀሰቀሰው። አቶ ደምሴ ይባላል፤ ደልደል ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሽርጥ እንዳገለደመ መጣ፤ ስለቀሰቀስሁት አልተቆጣም፤ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀዳልኝ። ከአዲስ አበባ ድረስ ለዚህ ግድግዳ ስል እንደ መጣሁ ስነግረው ተደነቀ።

«ታዲያ ለምን ይለቀለቃል?» አልሁት።

«መስታወት ልሰቅልበት። ትልቅ፣ ከጅቡቲ የመጣ። ሰው ሲበላ ራሱን ያያል፤ አዳራሹም ይሰፋል።»

መስታወት! ሰው ራሱን እያየ እንዲጎርስ! «የዚህ ሥዕል ዋጋ አልገባዎትም» አልሁት።

«እኔማ ምን አውቃለሁ? የተማረ ሰው የተናገረውን ነው የማውቀው» አለና ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለ፣ በመስታወት የተለበጠ የጋዜጣ ቁራጭ አውርዶ ያነብልኝ ጀመር። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ ቅጣቴ ስለሆነ።

«ሠዓሊው ሰፊ የአሸዋ መንገድ ሥሎ ገበያተኛ አቁሞበታል። ገበያው ግን በድን ነው። የሚሸጥ የለም፣ የሚገዛ የለም፤ ሁሉም ለተመልካቹ ጀርባውን ሰጥቷል። ፊት መሣል ያልቻለ ሰው ጀርባ ይሥላል። በቀኝ በኩል ጭነቱን የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ፊቱን አሳይቶ ሥራውን ይሠራል፤ ሌሎቹ ባይኖሩ ይሻል ነበር። ተራራው ላይ ያረፈው የወጥ ቤት ጥላሸትም ግድግዳው ከአሁኑ እንደ ተዘነጋ ይመሰክራል።»

ከሥሩ ያለው ስም የእኔ ነው።

አቶ ደምሴ ስሜን አልጠየቀኝም ነበር። «አየህ፣ መጀመሪያ ሆቴሌ ጋዜጣ ላይ ወጣ ብዬ ኮራሁ» አለኝ። «በኋላ ሰው ሁሉ እያነበበ ይስቅ ጀመር። አሥራ አንድ ዓመት ስቀውብኛል።» ውሃዬን ጨረስሁና ወጣሁ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የእኔ ጭንቅላት ተለብጦ ባንኮኒ ላይ ተሰቅሏል። እኔ ያንን ጽሑፍ ምስጋና አድርጌ ነበር የማስታውሰው። ስጽፈው በሁለት ባቡር መካከል ለምሳ ገብቼ፣ ምናልባት አሥር ደቂቃ ያህል፣ እየጎረስሁ ነበር ሥዕሉን ያየሁት። እንደ እውነቱ ከሆነ አስተናጋጁ ምግቡን ስላዘገየብኝ ተናድጄም ነበር። ማታ ወይዘሮ አስካለ ያቀረቡልኝን ጊሽጣ መቅመስ አልቻልሁም፤ ሙቀቱ ነው ብለው ሎሚ ጨምቀው አመጡልኝ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተመልሼ ሄድሁ። አዴ ዘይነባ ወለሉን አጥባ ጨርሳ፣ ባልዲዋን ደፍታ፣ ባልዲው ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን እያየች ነበር። በየጠዋቱ እንዲህ እንደምታደርግ በኋላ ተረዳሁ። አጠገቧ ቆምሁ።

«ምን ታያለህ?» አለችኝ።

«ገበያ።»

«ገበያ አይደለም። ቁጭ በል።»

«እኔ የሥዕል አስተማሪ ነኝ» አልኋት።

«ይሁና። ቁጭ በል። ቆሞ የሚያይ ሰው ለመሄድ ነው የሚያይ።»

የቢራ ሣጥን ስቤ ተቀመጥሁ። እሷም ወደ ሥዕሉ መካከል ጠቆመች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የአሸዋ መንገድ።»

«ወሪያ! መንገድ አይደለም፣ ደቻቱ ነው። ወንዝ።»

«ውሃው የታለ?»

«እሱን ነው እኮ የሚሰሙት።»

መጀመሪያ አልገባኝም። በእኛ አገር ወንዝ ማለት ውሃ ያለበት ነው፤ ሲሞላም ዝናቡ በራስህ ላይ እየዘነበ፣ ነጎድጓዱን እየሰማህ ነው። ደቻቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ አሸዋ ነው። ሰው በላዩ ይሄዳል፣ ገበያተኛው ዕቃውን ይዘረጋበታል፣ ግመል ይንበረከክበታል። አንድ ቀን በደጋው፣ በላይ በተራራው ይዘንባል። ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ፀሐዩም እንደ በረታ ነው። «መጀመሪያ ድምፅ ነው የሚመጣው» አለችኝ፤ «እንደ ባቡር። የሚያውቅ ሰው ቀጥ ይላል፣ ዞሮ ወደ ተራራው ያዳምጣል። ከዚያ በኋላ መሮጥ ነው። ይሄ ሥዕል ከመሮጡ በፊት ያለው ነው።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለበጠብኝ። ሰዎቹ ጀርባቸውን የሰጡት ለእኔ አልነበረም፤ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ነው። የአህዮቹ ጆሮ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ቆሟል። አንዲት ሴት ካንድ እግሯ ጫማዋን አውጥታለች። ከአንዱ ቅርጫት የወደቀ ሎሚ አሸዋው ላይ አለ፤ ማንም አላነሣውም። ተራራው ላይ ያለው ጥላሸት ደግሞ ጥላሸት አይደለም፤ በየነ በቀጭን ብሩሽ የሣለው፣ ከሩቅ የሚታይ የደጋ ዝናብ ነው። እኔ የሥዕል አስተማሪው የወጥ ቤት ጭስ ብዬ ጻፍሁበት!

«ይሄኛውስ?» አልኋት፤ ፊቱን ወደ እኛ ያደረገውን፣ በቀኝ በኩል ጎንበስ ብሎ ጭነት የሚያስረውን ሰው አሳይቼ።

«አህመድ ነው። ባሌ። ጆሮው አይሰማም ነበር።»

በየነ በጎርፉ ቀን እዚያው ገበያ ነበር። ከሥዕሉ መካከል ቆብ አድርጎ ጀርባውን የሰጠው ሰው ራሱ በየነ ነው፤ እሷ ናት ያሳየችኝ። ከዓመት በኋላ መሰላሉን ሲተክል እሷ በሆቴሉ ትሠራ ነበር። በየጠዋቱ ማን የት እንደ ቆመ፣ ምን እንደያዘ፣ ገመዱ እንዴት እንደ ታሰረ ይጠይቃታል። «እኔ ከማዶ ነበርሁ» አለችኝ፤ «አያለሁ። እጮኻለሁ። ለእሱ መጮህ ምን ያደርጋል? አጠገቡ ያ ሁሉ ሰው አለ። ሁሉም ወደ ውሃው ነው የዞረ። አንድ ሰው ወደ እሱ ዞሮ ትከሻውን ቢነካው፣ ዋላሂ፣ ይድን ነበር።» የአህመድ ፎቶግራፍ የላትም። ተነሥቶ አያውቅም። በዓለም ላይ ያለው መልኩ ያ ግድግዳ ላይ ያለው ብቻ ነው።

በዚህ ዓለም ላይ በጣም የተናደድሁበት ሰው ማን እንደሆነ በዚያ የቢራ ሣጥን ላይ አወቅሁ። በባቡሩ ላይ ከተኛው ነጋዴ እኔ እብሳለሁ፤ እሱ ቢያንስ አይቻለሁ ብሎ ጋዜጣ ላይ አልጻፈም።

እሑድ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ተቀመጥሁ። ሰዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርሁ፤ ጀርባቸውን የሰጡት አርባ ሦስት ናቸው። ምሳ የሚበሉት ሰዎች የባቡር ቆብ አድርጌ ሣጥኑ ላይ የተቀመጥሁትን እኔን እያዩ ተሣሣቁ። አሥር ሰዓት ላይ አቶ ደምሴ ከእንቅልፉ ሲነሣ ጠብቄ፣ «ያንን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁት። ሊመታኝ ይገባ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ብድግ ብሎ አቀፈኝ።

«አንተ ነህ እንዴ! እና ስም ሳትነግረኝ ውሃ ብቻ ጠጥተህ ሄድህ?» ጥብስ አዘዘ፣ ቢራ አስከፈተ፣ አስተናጋጆቹን ጠርቶ አስተዋወቀኝ። እንደ ተሳሳትሁ፣ መንገዱ ደቻቱ እንደሆነ፣ ሰውየው የአዴ ዘይነባ ባል እንደሆነ፣ የቀረ ነገር ሳላስቀር ነገርሁት። ጥብሱ መብሰሉን ለማየት ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ተመልሷል።

«ይሄን ሁሉ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ራስዎ ሊያዩት ይችላሉ» አልሁት።

«አንድ ሰዓት? ሆቴል ነው እኮ! ደግሞስ ሰው ሊሞት ሲል እያየ ማን ይጎርሳል?» አለኝ። እኔም «ጋዜጣ ላይ መልሼ እጽፋለሁ፣ ስሕተቴን አርማለሁ» ስለው ሣቀ። ግን ክፉ ሰው አይደለም። ስለ አዴ ዘይነባ ስናገር ዓይኑ ረጥቦ አይቻለሁ። «ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ አብራኝ ሠርታ ይሄን አልነገረችኝም» አለ። «ግዴለህም፣ ለእሷ ስል አንድ ነገር አደርጋለሁ።» ተጨባበጥን። እኔም ግድግዳውን አዳንሁ ብዬ ወደ ማሞ ቤት ስሄድ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የጅቡቲው ባቡር መቼ እንደሚገባ በደስታ ነገርሁ፤ ሰዓቱን አላውቀውም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ልሰናበት በጋሪ ሄድሁ። ገና ከበሩ ኖራው ሸተተኝ። አዳራሹ እንደ በረዶ ነጭ ሆኗል። ተራራው የለም፣ አሸዋው የለም፣ አህዮቹ የሉም፣ በየነም የለም። አንድ ጥግ ላይ ብቻ፣ ዙሪያውን በጥንቃቄ ከበው፣ አህመድን ትተውታል። ነጭ ግድግዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ጭነቱን ያስራል። ከጎኑ ያ መስታወት ተደግፎ መስቀያውን ይጠብቃል።

አቶ ደምሴ እጁን ዘርግቶ መጣ። «እንዴት ነው? እንደ ጻፍኸው አደረግሁት። ሥራውን የሚሠራው ሰውዬ ብቻ ይኑር፣ ሌሎቹ ባይኖሩ ይሻላል አላልህም?» አለኝ። ለመንገዴ አንድ ቅርጫት ጊሽጣ አዘጋጅቶልኛል። ምን እንዳልሁት ሙሉ በሙሉ አላስታውስም። ገዳይ ብየዋለሁ፣ ደንቆሮ ብየዋለሁ፤ የጋዜጣውን ቁራጭ ከባንኮኒው አውርጄ ወለሉ ላይ ከስክሼዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። አቶ ደምሴ ለእሷ ሲል ጥሩ ያደረገ መስሎት ነበር።

አዴ ዘይነባ መጥረጊያዋን ይዛ መጥታ ስባሪውን ጠረገች። ከዚያ ባልዲዋን ደፍታ እንደ ልማዷ ተቀመጠች።

«አጠፉብሽ» አልኋት። «ምን እንደ ሆነ የሚናገር ነገር አልቀረም። ማንም ሰው ምን እንደ ሆነ አያውቅም።»

«ዝም በል አቦ» አለችኝ። አህመድን ለብዙ ጊዜ አየችው። «አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ጎርፉ ሊመጣበት ነው። በየጠዋቱ፣ አህመድ ዙር እለዋለሁ። ዛሬ ውሃው የለም። ተወው፣ ይረፍ።»

ከዚያ ተነሥታ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወደ ጓሮ ሄደች። እኔ እሷም ግድግዳው እንዲድን ትፈልግ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም ነበር።

ማክሰኞ ወይዘሮ አስካለ ስንቅ ቋጥረውልኝ፣ ማሞም ቆቡን ተቀብሎኝ፣ በመጣሁበት ባቡር ተመለስሁ። አዋሽ ላይ ባርኔጣዬን አስተናጋጁ ምስማር ላይ ሰቅሎ አቆይቶልኝ ነበር። አመስግኜው ተሳፈርሁ፤ እስከ ለገሃርም ማንንም አልተቆጣሁም።

ድሬዳዋ የምትደርሱ ከሆነ፣ በዚያ ሆቴል ከአንድ ትልቅ መስታወት አጠገብ ጭነቱን የሚያስር አንድ ሰው ታያላችሁ። ጥሩ ሥዕል ነው ብላችሁ ልታልፉ ትችላላችሁ። እባካችሁ አትለፉ። ከመስታወቱ ዞር ብላችሁ እሱን እዩት፤ ቁጭ ብላችሁ እዩት። አጠገቡ ቆመው ሳይዞሩለት የቀሩት አርባ ሦስት ነበሩ። እኔ አርባ አራተኛው ነኝ።